የዲንቄ እንስራ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ በሩን ገርበብ አድርገውና ወደ ውስጥ ግባ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም። ባይመጣም ይሻላል፤ የምነግራችሁ ነገር በብርሃን አይነገርም።

ይህ የሆነው ድሮ ነው። በጣም ድሮ። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ ዘመዶቻቸው ዛሬም አሉ። እንሰት የሚበቅልበት፣ ከሰዓት በኋላ ጉም የሚወርድበት ደጋ አገር ነው በሉ። ይበቃል።

ሰዓቱስ? ሰዓቱ ልክ እንዲህ እንደ አሁኑ ነው። ከብት ገብቷል። እሳት ተዳፍኗል። ውሻ እንኳ መጮህ ሰልችቶታል። ጨረቃ የለችም። መንገዱ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ከኮረብታው አናት፣ ከጸሎት ቤቱ ደጅ ይነሳና በባሕር ዛፉ መሀል ያልፋል። በመቃብሩ አጠገብ ያልፋል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሸለቆው ውስጥ ምንጭ አለ። ምንጩን ተሻግራችሁ ሽቅብ ስትወጡ አንድ ቤት ታገኛላችሁ። አንድ ቤት ብቻ።

የማን ቤት ነው? የኤርጫፎ ቤት ነው።

ኤርጫፎ የጸሎት ቤቱ ቁልፍ ያዥ ነበር። ያ ጸሎት ቤት ደግሞ ብዙ ያየ ቤት ነው። መጀመሪያ ፈረንጆች በበቅሎ መጡ። «ሜቶዲስት ነን» አሉ። ቃሉ ለአፍ አልመች አለና ሕዝቡ «መጦዲስ» አላቸው፤ እነሱም ስቀው ተቀበሉት። ከሕዝቡ ጋር ሆነው በእንጨትና በጭቃ ቤት ሠሩ፤ ሣር አለበሱት። ሣሩ በሰበሰ፤ እንጨቱን ምስጥ በላው። እዚያው ቦታ ላይ በድንጋይ ሠሩት። ቆርቆሮውን መኪና ከሚቆምበት ከተማ ድረስ ሄደው ሰዎች በጀርባቸው ተሸክመው አመጡ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ ፈረንጆቹ ሄዱ፤ ወታደሮች በቅሎዎቻቸውን መንበሩ ሥር አሰሩ። ያም አለፈ። ደግሞ ሌላ መንግሥት መጣና ቤቱን ዘጋው፤ የእህል መጋዘን አደረገው። አይጥ ብቻ ዘመረበት። ያም አለፈ፤ ሰዎች አይጡን አባረው፣ ወለሉን ጠርገው ገቡ። ቤቱ እንደዚህ እየሞተ እየተነሳ የኖረ ቤት ነው።

ኤርጫፎ ቁልፉን የያዘው ይኸ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። አየለች የምትባል ሚስቱ ሞታለች። ልጅ አልወለዱም። ረቡዕ ረቡዕ የማታ ጸሎት ነበር። ጸሎቱ ሲያበቃ ሕዝቡ በአንድ ላይ ወጥቶ፣ ፋኖሱን ከፊት አድርጎ፣ እየዘመረ ወደ መንደሩ ይወርዳል። መንደሩ በዚያ በኩል ነው። የኤርጫፎ ቤት በዚህ በኩል ነው። እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። መስኮቱን ይዘጋል። ትልቁን የጋዝ መብራት፣ ማሾውን፣ ያጠፋል። በሩን ይቆልፋል። ከዚያ ትንሿን ፋኖሱን ይዞ ብቻውን ይወርዳል። መዝሙሩ በዚያኛው ተረተር እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሲሄድ ይሰማዋል። ከዚያ አይሰማውም።

አንድ ክረምት እግሩን ወለም ብሎት ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ሰነበተ። ማንም አልመጣም። ረቡዕ ደረሰ፤ በሩ አልተከፈተም። ያን ጊዜ ሰዎች ምንጩን ተሻግረው መጡ። ለምን የመጡ ይመስላችኋል? ሊጠይቁት? ቁልፉን ፈልገው ነው። ቁልፉን ተቀበሉት፤ «እግዜር ይማርህ» አሉት፤ ጸሎት እንዳያመልጣቸው ተቻኩለው ሄዱ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ብቻ አላሰቡትም።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ፣ በበጋ፣ ኤርጫፎ እንደ ወትሮው ቆልፎ ወረደ። ባሕር ዛፉን አለፈ። መቃብሩን አለፈ። አየለች የተኛችው እዚያ ነውና «ደህና እደሪ» አላት፤ ሁልጊዜም ይላታል። ወደ ምንጩ ሲቃረብ አንድ ነገር ሰማ።

ቡልቅ። ቡልቅ። ቡልቅ።

ምንድን ነው ይህ ድምፅ? ታውቁታላችሁ። ውኃ እንስራ ውስጥ ሲገባ ነው። በቅል እየተቀዳ።

«በዚህ ሰዓት ማን ነው ውኃ የሚቀዳው?» አለ ለራሱ። ቆመ። ድምፁም ቆመ። ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ተጠጋ። ማንም የለም። ምንጩ እንደ ልማዱ ይፈሳል። «ጆሮዬ አርጅቷል» አለና ተሻገረ።

በሌላው ረቡዕ ድምፅ አልነበረም። እንስራ ነበር። ከምንጩ ዳር፣ ድንጋዩ ላይ፣ ጢም ብሎ የሞላ እንስራ ተቀምጧል። ኤርጫፎ ዙሪያውን አየ። «ማን አለ?» አለ። መልስ የለም። እንስራው የዛሬ እንስራ አልነበረም፤ አንገቱ ሰፊ ነው፤ ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው። እንዲህ ያለውን የሚሠራ ሰው ካለቀ ቆይቷል። እጁን ሰዶ ነካው። ቀዘቀዘው። ውኃ እንደሚቀዘቅዝ አይደለም፤ የሞተ ሰው ግንባር ነክታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንደዚያ ነው። እጁን መለሰ፤ ፈጠን ብሎ ወጣ። በማለዳ ተመልሶ ሲያይ እንስራው የለም። ድንጋዩ ላይ ግን እርጥብ ክብ ምልክቱ አለ።

እናንተ ብትሆኑ በሌላ መንገድ ትሄዱ ነበር። እሱም ይሄድ ነበር። ግን ሌላ መንገድ የለም።

በሦስተኛው ረቡዕ እንስራው አለ። ከእንስራው ፊት ደግሞ ሴት ተቀምጣለች።

ጀርባዋን ለእንስራው ሰጥታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ገመዱን በደረቷ አሳልፋ ተቀምጣለች። የሚያሸክማት ሰው የምትጠብቅ ሴት እንዴት እንደምትቀመጥ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። አንገቷን ደፍታለች። ፊቷ አይታይም። ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ ይንጠባጠባል።

ኤርጫፎ ፋኖሱን ከፍ አደረገ።

«አያ» አለችው፤ ቀስ ብላ፤ የሰው ጊዜ እንዳትወስድ እንደምትፈራ ሰው። «አያ፣ አሸክሙኝ።»

ምን አደረገ? ሮጠ! ፋኖሱን ጥሎ ሮጠ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ቡልኮውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ተኛ። እንቅልፍ ግን አልወሰደውም፤ አንድ የሰማው ነገር ትዝ አለው። አየለች በሕይወት ሳለች ትነግረው ነበር። አንድ የጨው ነጋዴ እዚያ ምንጭ ዳር መሽቶበት «አሸክሙኝ» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ጎንበስ አለ። በጠዋት ሲያገኙት በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ ፊቱ ውኃው ውስጥ ነው። ውኃው ስንት ነው? ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

በማግስቱ ኤርጫፎ መጋቢ ጢሞቴዎስ ዘንድ ሄደ። መጋቢው ወጣት ናቸው፤ ከከተማ ተምረው የመጡ፤ ደግ ሰው። አዳምጠውት ሲጨርሱ ትከሻውን ያዙት።

«አቶ ኤርጫፎ፣ የሞተ ሰው ውኃ አይቀዳም። ይህ የጠላት ማታለያ ነው። በኢየሱስ ስም ገሥጻት፤ ትሸሻለች።»

«ባትሸሽስ?»

«ትሸሻለች።»

ረቡዕ ሲደርስ ኤርጫፎ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ አድርጎ ወረደ። እሷ እዚያው ናት። እንደዚያው ተቀምጣለች። እንደምንም ጮኸ።

«በኢየሱስ ስም! ከዚህ ሂጂ!»

ሸለቆው ድምፁን መለሰለት። ከዚያ ሴትዮዋ፣ አንገቷን እንደደፋች፣ ምን አለች መሰላችሁ?

«አሜን» አለች።

ኤርጫፎ የራስ ጠጉሩ ቆመበት። ጋኔን አሜን ይላል?

«አሜን፣ አያ። ልሄድ ነበር። ግን ከበደኝ።»

ያን ሌሊት እንዴት ቤቱ እንደገባ አያውቅም።

በመንደሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እማማ ልድያ ይባላሉ። ያ የመጀመሪያው የሣር ቤት ሲሠራ የነበሩ፣ በሕይወት የቀሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጆሯቸው አይሰማም። እሳቸው ሲያወሩ ሦስት ጓሮ ይሰማል፤ ለእሳቸው ሲነገር ደግሞ አራት። ኤርጫፎ ምስጢሩን እየጮኸ ነገራቸው፤ ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ወጣ።

እማማ ልድያ «እንስራው ጆሮው ትልቅ ነው?» አሉት።

«ትልቅ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ዲንቄ ናት» አሉ።

«ዲንቄ ማን ናት?»

«የሸክላ ሠሪዎቹ ልጅ።» ከዚያ ነገሩት፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ። «አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ቤቱን ስንሠራ ወንዶቹ ጭቃ ያቦካሉ፤ ሴቶቹ ውኃ እናመላልሳለን። ሸክላ ሠሪዎቹን ታውቃለህ፤ እንስራቸውን እንገዛለን፤ አብረናቸው አንበላም፤ አብረናቸው አንሄድም። ዲንቄ ግን ቃሉን ሰምታ አምናለች። ‘እኔም ውኃ ልቅዳ’ አለች። ፈረንጆቹ ትቅዳ አሉ። ትቅዳ አልን። እኛ በቡድን እንወርዳለን፤ እርስ በርስ እየተሸካከምን እንወጣለን። እሷ ከኋላ ብቻዋን ትወርዳለች። ማን ያሸክማታል? ማንም። ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ተንበርክካ፣ እንደምንም ትነሳለች። እንደዚያም ሆና ከሁላችንም ይልቅ ብዙ ታመላልስ ነበር።»

ኤርጫፎ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

«የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ግድግዳ ሲመረግ፣ ውኃ አነሰ። መሽቷል። ‘ዲንቄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ በይ፤ በእሱ እንጨርሳለን’ ተባለች። ማን እንዳላት ዛሬ አላስታውስም። ወረደች። እኛ ባለው ውኃ አብቃቅተን መረግነው። ጨረስን። ዘመርን። ቆጮ በጎመን በላን። እየዘመርን ወደ ቤታችን ወረድን።»

«እሷስ?»

«ምን አልክ?»

«እሷስ!»

እማማ ልድያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ማንም አልጠየቀም። አባቷ ልጄን አያችሁ ወይ እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር ነው ያስታወስናት። ምንጩ ዳር አገኛት። ገመዱ ደረቷ ላይ ነው። እንስራው ጀርባዋ ላይ ነው። ፊቷ ውኃው ውስጥ ነው። ልትነሳ ስትል ከብዷት ወደፊት ደፍቷታል። አንድ ሰው፣ አንድ እጅ ከኋላዋ ቢኖር…»

ኤርጫፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። የሚያስፈራው አሁን ሌላ ነበር። ያን ክረምት እግሩን ታሞ ተኝቶ ጣራውን እያየ የሰማውን ዝምታ አስታወሰ። ቁልፉን ፈልገው የመጡትን ሰዎች አስታወሰ።

ወሬው ግን መንደሩን አዳርሷል። መጋቢ ጢሞቴዎስ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። «ወንድማችንን ብቻውን አንተውም» አሉ። «በመጪው ረቡዕ ሁላችንም አብረን ወርደን ምንጩ ላይ እንጸልያለን።» ኤርጫፎ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ረቡዕ ሆነ። ወረዱ፤ ወንዱ፣ ሴቱ፣ ማሾ ይዘው፣ እየዘመሩ። ሸለቆው እንደ ቀን በራ። ምንጩን ከበቡ። ጸለዩ። ገሠጹ። ዘመሩ። ምንም የለም። እንስራ የለም፤ ሴት የለችም። እንቁራሪት እንኳ ዝም ብላለች።

«ይኸው» አሉ መጋቢው ደስ ብሏቸው። «ተፈጸመ። ጠላት ሸሸ።»

ሰዎቹም ተቃቀፉ። ብርድም ነበር፤ ነገ ገበያ ነው። «በል አቶ ኤርጫፎ፣ አንተማ ቤትህ እዚሁ ነው» አሉት። «ደህና እደር።» «ደህና እደር።» «ደህና እደር፣ ጌታ ይጠብቅህ።» ማሾውን ይዘው ሽቅብ ወጡ። መዝሙራቸው እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ። ብርሃናቸው በባሕር ዛፉ መሀል ብልጭ ድርግም አለ። ከዚያ ጠፋ።

ተዉት። የት? እዚያው ምንጩ ዳር። ፋኖስ አልያዘም፤ በእነሱ ብርሃን ነበር የመጣው።

አሁን ዝም በሉ። አዳምጡ።

ቡልቅ። ቡልቅ። ቡልቅ።

ኤርጫፎ አልሮጠም። ለምን እንዳልሮጠ ኋላ ሲጠየቅ እሱም በቅጡ አላወቀውም። «ደክሞኝ ነበር» አለ። «ደግሞ ወዴት እሮጣለሁ? ቤቴ ማን አለ?»

«አያ» አለችው። «አሸክሙኝ።»

ጨለማ ነው፤ ግን ታየችው። ተቀምጣለች። ሄደ። ከኋላዋ ቆመ። ጎንበስ አለ። የጨው ነጋዴውን አስታወሰ? አስታወሰ እንጂ! ጎንበስ ግን አለ። እንስራውን በሁለት እጁ አቅፎ አነሳ። ከነውኃው የአንድ ኮርማ ያህል ከበደው። ጀርባዋ ላይ ሲያስቀምጠው ሁለቱም ወደፊት ተገፉ። ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ገባ። ክብደቱ ይስበዋል። ፊቱ ወደ ውኃው ወረደ፤ ወረደ፤ የውኃው ብርድ አፍንጫውን ነካው። ልልቀቅ ቢል እጁ አይለቅም። ሊጮህ ፈለገ፤ ማን ይሰማዋል? ያን ጊዜ በትንፋሹ፣ በቀረችው ትንፋሽ፣ እንዲህ አላት፤

«ዲንቄ! ብቻሽን አይሆንም። ለሁለት እንያዘው!»

ክብደቱ ቆመ።

ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየው። ልጅ ናት። ጉንጯ ላይ ጭቃ አለ። ስትናገር ከአፏ ውኃ ይወርዳል።

«ስሜን ማን ነገረዎት?»

«እማማ ልድያ።»

«ሙሽራዋ?»

«አዎ፣ ሙሽራዋ።»

አንዱን ጆሮ እሱ ያዘ፤ አንዱን እሷ። እንስራውን በመሀላቸው አድርገው ሽቅብ ወጡ። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም ብያችሁ ነበር? ያን ማታ አስኬደ። ኤርጫፎ በዳር በዳር እሾህ ላይ እየረገጠ፣ እሷን መሀሉን አስይዞ ሄደ። ከእሱ በቀር የሚተነፍስ አልነበረም።

ጸሎት ቤቱ ደጅ ደረሱ። ኤርጫፎ ቁልፉን አወጣ። እሷ ከደረጃው በታች ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አላት።

«እኔም?»

«አንቺም።»

«ግድግዳው ሳያልቅ ጀምሮ እኛ ከውጭ ሆነን፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር ነበር የምንሰማው።»

«ግቢ፣ ልጄ።»

ገባች። ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰች። ግራ ገባት።

«ሣሩስ?»

«በሰበሰ። በድንጋይ ተሠራ።»

«ጭቃውስ? ደረቀ?»

«ደረቀ፣ ዲንቄ። ድሮ ደረቀ።»

«የኔ ውኃ ሳይደርስ?»

«ሳይደርስ» አለ ኤርጫፎ።

ውኃው ከነጠላዋ ጠብ ጠብ ይላል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም። ከዚያ ጠየቀችው። ይህችን ጥያቄ ስትጠይቀው ድምፅዋ የሰው ድምፅ ሆነ፤ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ።

«ጠበቁኝ?»

ምን ይበላት? ጠበቁሽ ቢላት ደስ ይላታል። ግን በዚያ ቤት ውስጥ ቆሞ መዋሸት አልቻለም።

«አልጠበቁሽም» አላት። «ዘምረው ሄዱ። አባትሽ ብቻ ፈልጎሻል። ሌላ ማንም አልፈለገሽም።»

አላለቀሰችም። ራሷን ነቀነቀች፤ ድሮም የምታውቀውን ነገር እንደነገራት።

«እርስዎስ?»

«እኔ ይኸው መጣሁ። ዘግይቼ ነው፤ ግን መጣሁ።»

«የት ልቀመጥ?»

«ከፊት» አላት። «ደስ ባለሽ ቦታ።»

ከፊት ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ኤርጫፎ ሰባኪ አይደለም፤ ቁልፍ ያዥ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከኋላ ነበር የሚቆመው። ያን ማታ ግን ወደ ፊት ወጣ፤ እጁን ዘረጋ፤ መጋቢው በየሳምንቱ የሚሉትን የስንብት ጸሎት እየተንተባተበ ጸለየላት። ጌታ ይባርክሽ፣ ይጠብቅሽ፣ ፊቱን ያብራልሽ፣ ሰላም ይስጥሽ አለ።

«አሜን» የሚል ድምፅ ሰማ።

ዓይኑን ሲገልጥ ማንም የለም። አግዳሚው ርሷል። ወለሉ ላይ ባዶ እንስራ አለ።

ዲንቄን ከዚያ በኋላ ምንጩ ዳር ያያት ሰው የለም። ኤርጫፎ በማግስቱ እንስራውን ይዞ መንደር ገባና ያየውን ሁሉ በሸንጎ ተናገረ። መጋቢው ሰምተው ሲያበቁ «ማሾውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ» አሉና አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጸሎት ቤት አንድ ልማድ ገባ፤ በሩ እስኪቆለፍ ድረስ ማንም አይሄድም። ሁሉም ደጅ ላይ ይቆማል፤ ኤርጫፎን እስከ ቤቱ ያደርሱታል፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ሸክላ ሠሪዎቹም ገቡ። በአንድ ቀን አይደለም፤ አኩራፊም ነበር፤ አግዳሚ የቀየረም ነበር። ግን ገቡ።

እና አለቀ? ኤርጫፎ በሸንጎ ሁሉን ተናገረ ብያለሁ። ሁሉን አልተናገረም። አንዲት ነገር አስቀርቶ ነበር። ሊሞት ሲያጣጥር ነው ያወጣት።

ያን ማታ፣ ዲንቄ ከሄደች በኋላ፣ ልቡ ቀሎት ወጣ። በሩን ዘጋ። ቁልፉን አስገብቶ አዞረ። ከኋላው፣ ከደረጃው ሥር፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

የወንድ ድምፅ ነው። ዞር አላለም። ያ ቤት በስንት ሰው ጀርባ እንደተሠራ ያን ጊዜ ነው ያሰበው። ጭቃ ያቦካ አለ። ድንጋይ የፈለጠ አለ። ቆርቆሮ ተሸክሞ በዚያ ሁሉ አቀበት የወጣ አለ። ሁሉስ ቤቱ ገብቷል? ማን ቆጠረ? ማን ጠበቀ? ቀዝቃዛ ትንፋሽ ማጅራቱን ነካው። እና ከጆሮው ሥር፣ እዚሁ፣ እንዲህ ቀርቦ፦

«እኔንስ?»

…በሉ ተነሱ። መሽቷል። ማንም ብቻውን አይውጣ። ሰውም ብቻውን አትስደዱ። ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ከማን ጋር ነው የሚሄደው?